ሚኒሞ አልይዝ ያለችው የጤና ጣቢያው መኪና

ሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን 1966

ዛሬም አልቀናኝም። ሞተሩ ይነሳል፤ ሚኒሞ ግን አይዝም። እግሬን ከቤንዚን መርገጫው ላይ ሳነሳ ረጋ ብሎ መሥራት ሲገባው ዝቅ ይላል፣ ሊጠፋ ነው ስል በራሱ ጊዜ ይጮኻል፣ ደግሞ ይወርዳል። ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ማንም ሳይነካው። ከዚያ ድንገት ጭጭ ይላል። ባትሪው ደክሟል፤ በጠፋ ቁጥር ወርጄ ሞተሩን ከፊት በኩል በእጅ፣ በማኖቬላ ማዞር ነው። ክንዴ አልቋል።

ደሴ ጋራዥ ሳለሁ ሥራ ያስተማረኝ ሰው፣ መኪና ሲያስቸግርህ የሞከርከውን ሁሉ ጻፈው፣ አለዚያ አንዱን ነገር ሁለቴ ትፈታለህ ይለኝ ነበር። ስለዚህ እጽፋለሁ። ሌላ ሌላውንም እንደምጽፍ ይታወቀኛል። ለማን እንደምናገረው ስለማላውቅ ነው።

የጀመራት ባለፈው ሳምንት ከደሴ ስመለስ ነው። ከአቀስታ ወዲህ ያለውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ስወርድ፣ እኔ ሳልረግጥ ሞተሩ ጮኾ ገፋኝ። ፍሬን ይዤ በስንት ጣር አለፍኩት። ዳገቱ ላይ ደግሞ ትንፋሽ አጠረው። የእርዳታውን የወተት ዱቄት ይዤ መካነ ሰላም ገባሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ ግን ከጤና ጣቢያው ግቢ አልወጣችም።

ከገበያው በላይ ያለው አሮጌ የእህል መጋዘን መጠለያ ተብሎ ሰው ሞልቶታል። ከመካከላቸው ደሴ ሆስፒታል መድረስ ያለባቸው አሉ። ከዚች መኪና በቀር የሚያደርሳቸው የለም። የጭነት መኪና ሾፌሮቹ አድማ ላይ ናቸው ይባላል፤ አንድም ሲመጣ አላየንም።

የእኔ ጭንቅ ሌላም አለበት። ቅዳሜ ገበያ አንድ የወግዲ ሰው አገኘኝ። የእህቴ የጦይባ ጎረቤት ነው። ባሏ አሊ ሥራ ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል አለኝ። በሬውን ሸጣለች። ላሟ ሞታለች። "እግሯ አብጧል፣ ከቤት አትወጣም" አለና ሌላ ነገር ሊጨምር ብሎ ተወው። ልጆቹስ ስለው አላህ ያውቃል ብሎ መሬት መሬት አየ። ለእናቴ እግሯ ማበጡን አልነገርኳትም።

ኃላፊያችን ድሬሰሩ አቶ ተሰማ፣ መኪናዋ እንደተነሳች መጀመሪያ ወደ ወግዲ ወተት እናድርስ፣ ከዚያ ደሴ ብለዋል። የወግዲ መንገድ ጥቁር አፈር ነው። የበልግ ዝናብ ከጣለበት መኪና አያስረግጥም። ሰማዩ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ጠቁሯል። ስንት ወር ዱዓ ያደረግንለትን ዝናብ፣ ትንሽ ቆይልኝ እያልኩት ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ቤንዚኑን ጠረጠርኩ። ታንኩን አራግፌ በጨርቅ አጠለልኩት። ዝገትና ውኃ ወጣው። ደስ አለኝ። ማጣሪያውን አጥቤ መለስኩና አስነሳሁት። ቀጥ ብሎ ሠራ። ሮጬ አቶ ተሰማን ጠራኋቸው። ሁዳዴ ነው፣ ሳይቀምሱ ነው የሚውሉት። መጥተው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው አዳመጡ። ገና እያዳመጡ ከፍ፣ ዝቅ ጀመረው።

አልተቆጡም። አብሽር ይመር፣ ይገኛል ብለውኝ ወደ በሽተኞቻቸው ተመለሱ።

ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ነጭ ናቸው፣ ደረቅ። ጥቁር ቢሆኑ ቤንዚን በዝቶበታል እል ነበር። ነጭ ማለት አንሶታል ማለት ነው። ምናልባት ካርቡራቶሩ ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ ቀዳዳውን ደፍኖት ይሆናል። ነገ እሱን እፈታለሁ።

አባ ሙሄ ዛሬም መጡ። ከማሻ በኩል በእግራቸው የመጡ ገበሬ ናቸው፣ መጠለያው ውስጥ ነው ያሉት። ደረታቸውን ያማቸዋል። ደሴ ከሚሄዱት አንዱ ናቸው። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ሰምተው ይመጡና ኮፈኑን ተደግፈው ይሞቃሉ። የሰሞኑ ጠዋት አጥንት ይሰብራል። ሰው አለዎት ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። ነበረኝ አሉ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኳቸውም።

ዛሬ አፈርኩና፣ አባ፣ እስካሁን ደሴ አላደረስኩዎትም አልኳቸው።

"አንተ ምን አደረግህ" አሉኝ። "እኔ ሞቆኛል።"

ሞተሩ ሲጠፋም ወዲያው አልሄዱም። ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ቆሙ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ካርቡራቶሩን ፈትቼ ሰፌድ ላይ ዘረጋሁት። እያንዳንዷን ቀዳዳ በአፌ ነፋሁ። ተንሳፋፊውን አራገፍኩ፣ ውስጡ ቤንዚን አልገባም። መርፌው ይዘጋል፣ ይከፍታል። ንጹሕ ነው። መልሼ ገጠምኩት። ያው።

ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠውን ፑንቲና በሞረድ አጸዳሁ። ያው።

እስካሁን የሞከርኩት፦ ቤንዚን፣ ማጣሪያ፣ ካንዴላ፣ ካርቡራቶር፣ ፑንቲና። ሁሉም ደህና ነው። ሞተሩ ብቻ ነው ደህና ያልሆነው። አንድ ጊዜ ካቻቢቴውን ወርውሬ ግንቡን መታሁት። ከዚያ ሄጄ አነሳሁት። ሌላ የለኝም።

ቀትር ላይ እናቴ ግቢው ድረስ መጣች። እዚህ መጥታ አታውቅም። ከምንጭ ስትመለስ አንዲት ሴት የጦይባን ነገር ነግራታለች። እግሯ ማበጡን ከባዳ ነው የምሰማው ወይ አለችኝ። በእግርህ ሂድና ልጄን አምጣልኝ አለች።

ለማስረዳት ሞከርኩ። በእግሬስ እደርሳለሁ። ግን መቆም የማትችል ሴት ከሁለት ልጆች ጋር በምን አመጣታለሁ? በቅሎ የለ። ከተማው ውስጥ የቀሩት በቅሎዎች ራሳቸውን አይሸከሙም። መኪናዋን ትቼ ከሄድኩ ደግሞ እነዚህ ሁሉ በሽተኞች አሉ። አልኩ፣ አልኩ። እሷ መጠለያውን እያየች ሰማችኝ።

"ለሰው ሁሉ እያሰብክ ነው፤ ደግ። ለእሷስ ማን ያስብላት?" አለች።

እስከ ነገ ብቻ ታገሺኝ፣ ነገ ካልሆነ ዓርብ ጠዋት በእግሬ እወጣለሁ አልኳት። ነጠላዋን አገጣጥማ ሄደች። ከኋላዋ ሳያት ቁመቷ አጥሯል።

ከሰዓት አቶ ተሰማ ሬዲዮናቸውን አምጥተው እኔ የምሠራበት አጠገብ ከፈቱት። አዲስ አበባ ላይ ካቢኔው ወርዷል፣ ወታደሩ ተነስቷል፣ ተማሪው የእኛን አገር የተራበ ሰው ፎቶ ይዞ ሰልፍ ወጥቷል ይባላል። ባለፈው ዓመት አንድ ሹም ሊያልፍ ነው ተብሎ ሰዎቹን ከመንገድ ዳር ዞር አድርጉ መባላችን ትዝ አለኝ። ዞር አድርገናቸው ነበር። ለአቶ ተሰማ ይህን አስታወስኳቸው። አስታውሳለሁ አሉና ሬዲዮኑን ዘጉት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

አባ ሙሄ ጎህ ሲቀድ ሞቱ።

መጠለያው ውስጥ ያሉት ወንዶች መቆፈር አይችሉም። እኔ፣ የመስጊዱ ሰዎችና የጤና ጣቢያው ዘበኛ ቆፈርን። ሰውነታቸው ምንም አይከብድም ነበር። ጀናዛውን ሰግደን ተመለስን። እጄ ላይ አፈር እንዳለ መኪናዋ ጋ ሄድኩ። ወዴት እሄዳለሁ?

ሞተሩ በረዶ ነበር። ቾኩን ስቤ በማኖቬላ አስነሳሁት። ቾክ የሚሳበው ለማስነሳት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይመለሳል። እኔ ግን ልቤ መቃብሩ ጋ ስለነበር ረሳሁት። የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን አያለሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ እንጃ። ከዚያ ጆሮዬ ነቃ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ እየሠራ ነው። ከፍ የለ፣ ዝቅ የለ።

ቾኩን መለስኩት። ከፍ፣ ዝቅ። ግማሽ ድረስ ሳብኩት። ረጋ።

ወርጄ ቆምኩና በራሴ ተራ በተራ አሰብኩት። ቾክ የሚሠራው ምንድን ነው? የካርቡራቶሩን የአየር በር መዝጋት። አየር ስነሳው ደህና ከሆነ፣ የሚያመው የአየር ብዛት ነው። ካንዴላውም ነጭ የሆነው ለዚህ ነው፤ ቤንዚኑ ልኩ ነው፣ የበዛው አየሩ ነው። ካርቡራቶሩን ግን አይቼዋለሁ፣ ጤነኛ ነው። ስለዚህ አየሩ በበሩ አልገባም። በሌላ በኩል ሰርጎ እየገባ ነው።

ዘበኛውን የዶሮ ላባ ለምኜ ዘይት ነከርኩና ካርቡራቶሩ ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበትን ዙሪያ ቀስ እያልኩ ቀባሁት። በፊት ለፊት ምንም። በግራ ምንም። በኋላ በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ላባው ሲደርስ ሞተሩ ድምፁን ለወጠ። ዘይቱን ሲስበው አየሁት። ደግሜ ቀባሁት፣ ደግሞ ሳበው።

ፈታሁት። በመካከል አየር እንዳያልፍ የሚደፍነው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ሞተሩ ላይ የሚያርፈው የካርቡራቶሩ እግርም ተጣሟል፤ ማን እንደዚያ አጥብቆ እንዳሰረው አላውቅም። የተጣመመ ብረት ደግሞ ምን ቢደረግለት አይገጥምም። ልክ ያለ ነገር ላይ መታሸት አለበት። መስተዋት ያስፈልገኛል አልኩ። አቶ ተሰማ ሳይጠይቁኝ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን በር መስተዋት ነቅለው አመጡልኝ። በላዩ ደቃቅ አሸዋና ዘይት አድርጌ የብረቱን እግር እያሽከረከርኩ አሸሁት። ጉብታው እስኪጠፋ። አቶ ተሰማ ሲደክመኝ ተቀበሉኝ።

ጓርኒሲዮኑን ከወተት ዱቄቱ ካርቶን ቆረጥኩት። ድርብ አድርጌ፣ በሁለቱም ፊት የልብስ ሳሙና ቀብቼ። ብሎኖቹን እያፈራረቅሁ ቀስ ብዬ አሰርኩ።

ያዘ። ቾክ ሳይሳብ፣ እግር ሳይነካው፣ ሚኒሞ ያዘ። አቶ ተሰማ አማተቡ። እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ኮፈኑ ሞቆ ነበር፤ የሚደገፈው ሰው ግን አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ብቀድም። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ልሰርዘው ፈለግሁ፣ ተውኩት።

ለእናቴ ነገ እሄዳለሁ፣ በመኪና አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጋቢዋን አጣጥፋ ሰጠችኝ። ለጦይባ።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ወግዲ። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ከአቶ ተሰማ ጋር ወጣን። ሞተሩ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም እሺ አለ። መንገዱ ላይ ወደ መካነ ሰላም የሚሄዱ ሰዎች አገኘን። እጃቸውን አያነሱም፣ አይለምኑም፣ መኪናዋን ዞር ብለውም አያዩም። አንዱ ጋ ላቆም ስል፣ ስንመለስ እናነሳቸዋለን፣ አሁን ከጫንን እዚያ ያሉት ይቀራሉ አሉ አቶ ተሰማ። ነዳሁ።

የጦይባ ቤት በር በገመድ ታስሯል። ከውስጥ ነው የታሰረው። ጠራኋት። ቆይቶ ገመዱ ተፈታ። ማን እንደፈታው መጀመሪያ አላወቅሁም። ፊቷ ያበጠ፣ ክንዷ እንጨት የሆነ ሰው ነው። በዓይኗ ነው የለየኋት። ትንሹ ልጇ ሰይድ መደቡ ላይ ተኝቷል፤ ዓይኑ ተከፍቷል፣ አይንቀሳቀስም፣ ግን ይተነፍሳል።

ዘሐራስ አልኳት። ትልቋ ናት። ባለፈው ዓረፋ መካነ ሰላም መጥታ አጎቴ መኪና አስነዳኝ እያለች መሪው ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ጦይባ በአገጯ ወደ ውጭ አሳየችኝ።

"ረቡዕ" አለች።

ረቡዕ እኔ ቀዳዳ ስነፋ ነበር።

አቶ ተሰማ ወተቱን በጥብጠው በማንኪያ፣ በጣም በትንሽ በትንሹ ለሰይድ ሰጡት፣ ከዚያ ለእሷ። ብዙ ከሰጠናቸው ይገድላቸዋል አሉኝ፤ እንባዬን ሳዘንብ ያላዩ መስለው። በኋላ ለብቻዬ ወደ ውጭ ወሰዱኝ። ረቡዕ ጠዋት በእግርህ ብትነሳም አትደርስላትም ነበር አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለ ቅዳሜ ግን ምንም አላሉም። የገበያው ሰው የነገረኝ ቅዳሜ ነበር።

መቃብሩን ጎረቤቷ አዴ ከድጃ አሳዩኝ። ከቤቱ በላይ ነው። ቆፍረው የቀበሯት እሳቸውና አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጥልቅ አይደለም፤ አቅማቸው እስከዚያ ነው። ድንጋይ ጨመርኩበት። ፋቲሃ ቀራሁላት።

ጦይባ አልሄድም አለች። አሊ ቢመጣስ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው አለች። ለአዴ ከድጃ እንነግራቸዋለን፣ መካነ ሰላም ነች ይሉታል አልኳት። አዴ ከድጃም እስካለሁ እነግረዋለሁ አሉ። እሳቸውም እንዲሄዱ ለመንናቸው፣ እምቢ አሉ። ወተት ተውንላቸው።

ጦይባ ከዚያ በኋላም አልተነሳችም።

"ወንድምዬ፣ ዘሐራን ለማን ትቻት ልሂድ?" አለችኝ።

አቶ ተሰማ ሰይድን በጋቢው ጠቅልለው አቀፉና ወደ መኪናው መሄድ ጀመሩ። ጦይባ ልጁን አየች። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ እንዳልይዛት ከለከለችኝ። ከበሩ ስትወጣ ግን ክንዴን ያዘች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ገባን።

ስንመለስ ትናንት ያለፍናቸውን ሰዎች ፈለግን። የተወሰኑት መንገድ ዳር ተቀምጠው አገኘናቸው። አንዱን ከተቀመጠበት ማንሳት አላስፈለገም፤ አቶ ተሰማ ዓይኑን ከድነውለት መጡ። የሚቻለውን ያህል ጫንን። እኛ ሰው ስንጭን ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ይሠራል። አንድም ጊዜ ማኖቬላ አልነካሁም። ሰኞ ይህ ቢሆን እንደ ሕፃን በጨፈርኩ።

ጥቁሩን አፈር ልንጨርስ ትንሽ ሲቀረን ዝናቡ ጣለ። ትልልቅ ጠብታ። የአፈሩ ሽታ ተነሳ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን በሸራው ቀዳዳ አውጥተው ያዙት፣ ከዚያ ፊታቸውን አበሱበት። ዘር የተባለ ሁሉ ተበልቶ አልቋል። በሬ የለ። ዝናብ ግን መጣ። ጎማው እየተንሸራተተ ደረቅ መሬት ላይ ወጣን። መንገዱ ከኋላችን ተዘጋ። አዴ ከድጃን አሰብኩ።

ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ጦይባን ደግፌ አስገባኋት፣ ሰይድን አቶ ተሰማ ተሸክመዋል። እናቴ ከእኛ በስተኋላ መኪናዋን አየች። የሚወርድ ሌላ ሰው አልነበረም። ውስጥ ገብቼ ሳይ ለሦስት ሰው አንጥፋ ኖሯል። ጎንበስ ብላ የዳሩን ትንሹን ቁርበት አነሳች፣ ጠቀለለች፣ ከመደቡ ሥር አስገባችው። ከዚያ ልጇን ታጥባት ጀመር።

እሑድ፣ መጋቢት 8

ጦይባ ወተት እየጠጣች ነው። የእግሯ እብጠት እንዳለ ነው። ከትናንት ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ስለማያስፈልግ ነገር ታወራላታለች፤ ስለ ጎረቤት አጥር፣ ስለ ዝናቡ። ዘሐራን ሁለቱም አይጠሯትም።

ቀትር ላይ ሰይድ አለቀሰ። ድምፁ እንደ ድመት ልጅ ቀጭን ነው። እናቴ ደንግጣ አቶ ተሰማን ጥራልኝ አለች። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አግኝቻቸው መጡ። ትንሽ አዳመጡትና ፊታቸው በራ። ሕፃኑ ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበረውም፣ አሁን አገኘ፣ ተዉት ያልቅስ አሉን። ተቀምጠን ሲያለቅስ ሰማነው። ሙዚቃም እንዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ነገ ደሴ ነኝ። በሽተኞቹን ለይተናል። የአባ ሙሄ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የካርቶኑ ጓርኒሲዮን እስከ ደሴ ይይዝልኝ እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ኮፈኑን ከፍቼ በላባ ደግሜ ፈተንኩት፣ አይስብም። ሁለት ትርፍ ቆርጬ ሳሙና ቀብቼ ኪሴ ከተትኩ። አቶ ተሰማ ደግሞ ደሴ ስደርስ ወሬ እንዳጣራላቸው ነግረውኛል። አዲሱ መንግሥት እህል ይልካል ይባላል፣ እውነት መሆኑን ጠይቅልኝ ብለውኛል። እጠይቃለሁ።

ልተኛ ስል ጦይባ ጠራችኝ። ድምፅዋን ስትሰማ እናቴም ቀና አለች።

"ነገ ስትሄድ፣" አለችኝ፣ "አሊን መንገድ ላይ ካገኘኸው ዘሐራን እንዳትነግረው። እኔ ነኝ የምነግረው።"

እሺ አልኳት።